ሦስቱ ፊርማዎች

ምሉእ ለሥራ ማመልከቻ የሚሆናትን የሕይወት ታሪክ እንደገና መጻፍ የጀመረችው፣ አንድ ጋቢና ሁለት ዳቦ ዘንቢል ውስጥ ካስቀመጠች በኋላ ነበር። ብታሰር ይሆነኛል ብላ ነው። ለልጇ ለሂሩትም ዱቄቱ የት እንዳለ፣ የቤቱን ቁልፍ ለማን እንደምትሰጥ ነግራታለች። ልጅቷ የእናቷን ጠባይ ስለምታውቀው «እሺ» ብላ የቤት ሥራዋን ቀጠለች።

ምሉእ መርሳ ውስጥ በቀበሌው ሱቅ ስኳርና ሳሙና በራሽን ስታድል አሥር ዓመት ሞልቷታል። አሁን ሱቁ ሊዘጋ ነው ተባለ። በዚያው ሳምንት ሲሪንቃ ያለው የእርሻ ምርምር ጣቢያ ለዘር መጋዘኑ ሠራተኛ እንደሚፈልግ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ የተማረ ብቻ ሳይሆን የእህል ዘር ለይቶ የሚያውቅ። ይህ ደግሞ እሷ ናት። አባቷ አቶ በርሀ ከትግራይ መጥተው እዚሁ መርሳ እህል ሲነግዱ፣ እሷ ያደገችው ከጆንያ መሐል ነው። ወልድያ አሥራ አንደኛ ክፍል ስትማር እንኳ ክረምቱን የምትውለው መጋዘን ነበር። ማሽላን በጥርሷ ነክሳ ድርቀቱን ትናገራለች።

ችግሩ የድሮው ቅጽ ነው። በ1970 ዓ.ም. ሱቁ ውስጥ ስትቀጠር፣ የነጋዴ ልጅ መባል የሚያስፈራ ስለነበር «የአባት ሥራ» በሚለው ቦታ «ጭሰኛ ገበሬ» ብላ ጽፋለች። ሦስት ጎረቤቶቿም በምስክርነት ፈርመውላታል፦ እትዬ ደብሪቱ፣ ልብስ ሰፊው አያሌውና ጋሽ አብዱልሐሊም። የመረጠቻቸው ማንበብ አይችሉም ብላ ነበር። ጋሽ አብዱልሐሊም አጥርተው እንደሚያነቡ ያወቀችው በኋላ የቀበሌው ጸሐፊ ሲሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ማህደር ሲያገላብጡ ባየች ቁጥር ጉዳይዋን ሳትጨርስ ትወጣለች። አሁን እውነቱን ብትጽፍ ውሸታምነቷ ይወጣል፣ ልትታሰርም ትችላለች፤ ባትጽፍ እህል ማወቋን የምታስረዳበት ነገር የላትም።

እውነቱን ጻፈች። ዘንቢሏን አንጠልጥላ ማህተም ለማስመታት ቀበሌ ሄደች።

ጋሽ አብዱልሐሊም አዲሱን ወረቀት ቀስ ብለው አነበቡት። ከዚያ ተነሥተው የድሮውን ከመደርደሪያ አወጡና ጎን ለጎን አስቀመጡት።

«ይኸ የበፊቱ ውሸት ነው» አሉ።

«አዎ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ስንፈርምም ውሸት ነበር። ለደብሪቱና ለአያሌው ያነበብሁላቸው እኔ ነኝ።»

አልገባትም። እሳቸው ረጋ ብለው አስረዷት። ደብሪቱ ስትሰማ ስቃ ነበር። አያሌው ደግሞ በርሀ ሞፈር ይዞ ያየው ሰው ካለ ይምጣ ብሎ ነበር። ግን ሦስቱም ፈረሙ። አባቷ እህል ሲሰፍሩ፣ ቁናው ከሞላ በኋላ «ይኸ ለልጆች» ብለው አንድ እፍኝ ይጨምሩ ነበር። ያን እፍኝ የሦስቱም ልጆች በልተውታል።

ምሉእ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። አሥር ዓመት ሙሉ ምስጢሩን ብቻዋን የተሸከመችው ሲመስላት፣ ለካ አራት ሆነው ነበር የያዙት።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ምኑን እንንገርሽ? የአባትሽ ስም ሲነሣ የሱቁን መስኮት ትዘጊብን ነበር። እኔ እንዲያውም አንድ ቀን ስኳሬን ሳልቀበል ዘግተሽብኛል።»

በአዲሱ ወረቀት ግርጌ፣ የበፊቱ ቅጽ ምስክሮቹ እያወቁ የተሳሳተ የአባት ሥራ የተጻፈበት መሆኑን በእጃቸው ጽፈው ፈረሙ፤ ማህተሙንም መቱበት። ይህ እሳቸውንም ሊያስጠይቃቸው እንደሚችል ምሉእ ታውቃለች። ልትናገር ስትል በእጃቸው ዝም አሰኟት። ከዚያ ዓይናቸው ዘንቢሉ ላይ አረፈ።

«ወደ ገበያ ነሽ?»

ምን እንደያዘች፣ ለምን እንደያዘች ነገረቻቸው። ጋሽ አብዱልሐሊም ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ሳቁ።

«ወላሂ፣ ስንቅሽን ይዘሽ መጣሽ?» አሉና አንዱን ዳቦ ተቀበሏት።

ሁለተኛውን ለደብሪቱና ለአያሌው ልታካፍል ከቀበሌው በቀጥታ ወደ ሰፈር አቀናች። ጋቢውን ግን ከዘንቢሉ አላወጣችውም። የሲሪንቃ አለቆች ወረቀቱን የሚያዩት ገና ሰኞ፣ ለፈተና ስትቀርብ ነው።