የዳማው ልብ

ደግሞ ሽ አለ፣ አልተሳሳትኩም፣ ዱም ይልና ሽ ይላል፣ እንደሚተነፍስ ጎማ፣ ጆሮዬ ይሆናል ብዬ ማዳመጫውን በነጠላዬ ጫፍ ጠርጌ እንደገና ከፈረሳችን ከዳማው የፊት እግር ኋላ እለጥፈዋለሁ፣ ዱም ሽ፣ ዱም ሽ፣ ወይኔ እኔ ዘርፈሽዋል! ሚያዝያ ላይ፣ ወንድሜ ተረፈ ግልቢያ ሳያስጀምረው፣ ይሄ ድምፅ አልነበረም፣ ልቡን በዚሁ ጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፣ አልነበረም። አሁን ምቱ ረግቷል፣ ከብዷል፣ ደረቱ ውስጥ ነጋሪት የገባ ነው የሚመስለው፣ ግን ሽ።

እትዬ፣ ምን ይላል? ልጓሙን ይዞ ይቁነጠነጣል ተረፈ። ዝም በል፣ እየሰማሁ ነው። ምን ልበለው!

እኔ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ነኝ፣ የተማርኩት የሰው ልብ ነው እንጂ የፈረስ አይደለም፣ አዲስ አበባ መምህራችን የልብን ክዳኖች ሰሌዳው ላይ ስለው አሳይተውን፣ ክዳኑ በሚገባ ካልገጠመ ደም ወደ ኋላ ይመለሳል፣ እንደ ሹክሹክታ ያለ ድምፅም ይሰማል፣ እንዲህ ያለው በሽተኛ ከከባድ ሥራ ይከልከል፣ ብለዋል። ከባድ ሥራ! ከቡታጅራ ሜዳ እስከ ቡኢ መንገድ መታጠፊያ ደርሶ መልስ በሙሉ ኃይል መጋለብ ካልከበደ ምን ሊከብድ ነው? አባባ የሞተው እንዲሁ አይደል፣ በግልቢያ መሀል የፈረሱ ልብ ቆሞ፣ ይዞት ወድቆ። ለዚህ እኮ ነው እማዬ ዛሬ ጠዋት ለመስቀሉ ውድድር አትጋልብም ብላ በር ላይ የቆመችው፣ ተረፈ እግሯ ላይ ወድቆ ሲለምናት ወደ እኔ ዞራ፣ ዘርፌ ልቡን ሰምታ ደህና ነው ካለች ይጋልብ፣ እሷ ካለች ብቻ። እኔ ካልኩ! ይኸው እማዬ ግራሩ ሥር ቆማ አፌን አፌን ታያለች።

አምባላዩ!

አዎ፣ ያ ነጩ፣ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ የአቶ ሸዋንግዛው ፈረስ፣ በየመስቀሉ የሚያሸንፈው፣ የእሱስ ልብ ምን ይላል? በውድድር ቀን የሰው ፈረስ መንካት ግን፣ ያውም ሴት፣ ያውም ጥቁር ቱቦ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ቡዳ ብለው ያባርሩኛል፣ እግሬ ግን ቀድሞኝ ሄዷል። ጋሼ ሸዋንግዛው፣ ልቡን ላዳምጥ? የማንን? የፈረስዎን። አንቺ ልጅ፣ ጤና የለሽም? ዐይን ልታስገቢበት ነው? እንግዲያው መጀመሪያ የእርስዎን ልስማ። ሰዉ ይስቃል፣ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ አፍረው ኮታቸውን ይከፍታሉ፣ ዱብ ዱብ፣ ንጹሕ። የጎረምሳ ልብ ነው ያለዎት ጋሼ። ሰማችሁ? የጎረምሳ! በይ እሱንም ስሚው፣ ግን እንትፍ እንትፍ በይበት።

እንትፍ እንትፍ። እንበረከካለሁ።

ዱም ሽ። ዱም ሽ!

ስንት ዓመት ሙሉ ሲጋልብ የኖረው አምባላይ፣ እርግት ያለ፣ ክብድ ያለ፣ ሽ! ልጮህ ነው፣ ቆይ፣ አንድ ይቀረኛል፣ የቅቤ ነጋዴዋ የሀሊሜ ፈረስ፣ ከመስቃን ጭነት ይዞ እያዘገመ ከመምጣት በቀር ሮጦ የማያውቀው፣ ሀሊሜ፣ አንዴ ልስማው፣ ቢስሚላህ በይና ስሚ፣ ዱብ ዱብ፣ ምንም የለም፣ ጭጭ! ሩጫው ነዋ! ክዳኑ አልተበላሸም፣ ልቡ ነው የሰፋው፣ ቤቱ ሲሰፋ በሩ ትንሽ አልገጥም አለ፣ መምህር፣ ይሄንን ሰሌዳው ላይ አልሳሉልንም! ወይስ ሁለቱም ታመው ይሆን? ወይስ መስማት የፈለግኩትን ነው የሰማሁት? ማንን ልጠይቅ፣ ፈረሰኞቹ እየተሰለፉ ነው፣ እማዬ እያየችኝ ነው።

ደህና ነው! እላለሁ። አልኩት። ከአፌ ወጣ።

ፈረሶቹ ተለቀቁ፣ መሬቱ ይርዳል፣ ዐይኔን ጨፍኛለሁ፣ አላይም፣ እልልታ ይሰማል፣ ሩቅ ነው፣ ቀረበ፣ ባልኩት ቃል ወንድሜን ልገድለው ነው፣ ኮቴ፣ ኮቴ፣ ጩኸት፣ ዐይኔን ስገልጥ ተረፈ ከኮርቻው እየወረደ ነው፣ ዳማው በአራት እግሩ ቆሟል፣ አረፋ በአረፋ ሆኖ፣ ሮጬ ደረቱ ላይ እለጠፋለሁ፣ ዝም በሉ! እላለሁ፣ የወረዳው ገዥ እንኳ ዝም ይላሉ፣ ይደልቃል፣ ይደልቃል፣ ቀስ፣ አሁን ቀስ አለ፣ እየሰከነ ነው፣ እየሰከነ ነው!

በአንገት ተቀደምን እትዬ፣ ይላል ተረፈ ሊያለቅስ ደርሶ፣ በአንገት! እኔ ሳቄን ማቆም አቅቶኛል። እማዬ መጥታ ነጠላዋን አውልቃ የዳማውን ላብ ታብሳለች፣ አባባ ከሞተ ወዲህ ፈረስ ነክታ የማታውቀው እማዬ፣ ሆዱን ታሻለች፣ ከዚያ ወንድሜን ትቆጣዋለች፣ ገብስ አሳንሰህበት ነው፣ ለከርሞ እኔ ራሴ ነኝ የማበላው፣ ትላለች።