የኤሲው ጉልበት

ዐብዲቃድር ከሆስፒታል የወጡት የድሬ ሙቀት በበረታበት በሰኔ ነበር። ዕድሜያቸውን በባቡር ላይ የጨረሱ፣ ፀሐይ የማይበግራቸው ሰው ነበሩ፤ አሁን ግን ልባቸው ደክሟል። ሐኪሙ ልጃቸውን ኢፍራህን፣ «ከሙቀት ጠብቂያቸው፤ ልባቸው አይችለውም» አላት። ሳቢያን ሰፈር ያለው ቤታቸው ደግሞ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ከቀትር በኋላ አባቷ አልጋው ላይ ተቀምጠው፣ አፋቸውን ከፍተው አየር ሲፈልጉ ማየት ከአቅሟ በላይ ሆነባት።

ታይዋን የሚባለው ገበያ ሄዳ፣ ክፍል ማቀዝቀዣ ኤሲ ከሚሸጠው ከዋሪስ ሱቅ ገባች።

«ትልቁን ስጠኝ» አለችው።

«ክፍሉ ምን ያህላል?»

«አንድ አልጋና አንድ ቁምሳጥን ነው የሚይዘው።»

ዋሪስ ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አሳያት። «አባዮ እህቴ፣ ይሄ ቢቲዩ የሚባለው ጉልበቱ ነው፤ ከክፍሉ ሙቀት ጠርጎ የሚያወጣበት። ኮከቡ ደግሞ ያንን ሲሠራ መብራት መቆጠቡን ነው የሚነግርሽ። ኮከብ በበዛ ቁጥር የሚበላው ያንሳል። ትልቁ ጉልበት አለው፤ ኮከቡ ግን አንድ ብቻ ነው። ለናንተ ክፍል ይሄ ትንሹ ይበቃል፤ ኢንቨርተርም ነው።»

«ኢንቨርተር ምንድነው?»

«ሌላው ሲነሳ ባንዴ በሙሉ ኃይሉ ነው፤ ሲበርድ ይጠፋል፣ እንደገና ይነሳል። ይሄ ቀስ ብሎ ተነስቶ፣ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ጉልበቱን ቀንሶ ይቆያል። ቆጣሪያችሁ የብቻ ነው?»

«ከጎረቤት ጋር የጋራ ነው።»

«እንግዲያው ትልቁ ይከብደዋል።»

ኢፍራህ ልቧ አልሰማውም። ለአባቷ ትንሹን መግዛት መሰሰት መሰላት። ትልቁን አስጭና ሄደች።

ኤሲው በተገጠመ ዕለት ዐብዲቃድር እንደ ጤነኛ ሰው ተኙ። ነገር ግን ማሽኑ በተነሳ ቁጥር የጊቢው አምፖል ሁሉ ይደበዝዛል። በማግስቱ የቆጣሪው ብሬከር ወርዶ መብራቱ ጠፋ፤ ኢፍራህ መልሳ አነሳችው። ደጋግሞ ወረደ፣ ደጋግማ አነሳችው። በመጨረሻ ከጊቢው ጀርባ ወደ ጎረቤታቸው ወደ ሙሉነሽ ቤት የሚሄደው የመብራት ገመድ ተቃጠለ። ኢፍራህ ይህን አላወቀችም። ብቻቸውን የሚኖሩት ሙሉነሽ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረተኛና የስኳር ሕመምተኛ፣ ስለ መብራቱ አንድም ቃል አልተነፈሱም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሙሉነሽ ሳይታዩ ረፈደ። ኢፍራህ በራቸውን ከፍታ ስትገባ ምንጣፍ ላይ ተኝተው አገኘቻቸው። ከንፈራቸው ደርቋል፤ ንግግራቸው ይጎተታል። ፍሪጁ ጠፍቷል። የኢንሱሊኑ ጠርሙስ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥላ ውስጥ ተቀምጧል።

«እትዬ ሙሉነሽ፣ ለምን አልነገሩኝም?»

«አባትሽ ተኝቶ ነበር» አሉ። «ስንት ጊዜው ነው እንቅልፍ ካየ።»

በባጃጅ ሆስፒታል አደረሰቻቸው። ሙቀቱ መድኃኒቱን አበላሽቶት ስኳራቸው እጅግ ወጥቶ ነበር፤ ሐኪሙ አስተኛቸው።

ቤት ስትመለስ ከአባቷ ልትደብቅ ሞከረች፤ አልቻለችም። ዐብዲቃድር እስከ መጨረሻው ሰሙና «አጥፊው» አሉ።

«አቦ፣ ሐኪሙ እኮ...»

«ሐኪሙን ሰምቻለሁ። ጎረቤቴ እየሞተች እኔ ነፋስ አልቀበልም።»

አጠፋችው። ቀኑን ሙሉ ደረታቸውን በእርጥብ ፎጣ ስታብስ ዋለች። በማግስቱ አክስቷን አጠገባቸው አስቀምጣ ወደ ዋሪስ ተመለሰች። ዋሪስ አልወቀሳትም። ትልቁን ተቀብሎ ትንሹን ሰጣት፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛም ጠራላት። ሰውየው የሙሉነሽን ገመድ ቀየረ፣ ለኤሲው የራሱን መስመር ዘረጋ። ኢፍራህ ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ አስመታች፤ መስኮቱን በወፍራም መጋረጃ ጋረደች።

ሙሉነሽ ድነው ሲመለሱ ኢፍራህ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ጎንበስ አለች። ትከሻዋን ያዟት።

«ለአባትሽ ብለሽ ነው። ግን ልጄ፣ ሁለታችንም አጠፋን። አንቺ ሳትጠይቂ፣ እኔ ሳልናገር።»

ከዚያ ወዲህ ሙሉነሽ ከሰዓት በኋላ ወንበራቸውን ከዐብዲቃድር አልጋ አጠገብ ያደርጋሉ። አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ ስለ ባቡሩና ስለ ፋብሪካው ያወጋሉ። ክፍሉ እንደ በፊቱ በብርድ አያንዘፈዝፍም፤ ሆኖም ዐብዲቃድር ይተነፍሱበታል። ክረምቱንም በዚያ ሁኔታ አለፉት።

መስከረም ላይ አንድ ቀን ሙሉነሽ ለዐብዲቃድር ወሬ ጀመሩላቸው። የሚያዳምጧቸው መስሏቸው ቀጠሉ። ኢፍራህ ሻይ ይዛ ስትገባ የአባቷን ፊት አይታ በሩ ላይ ቆመች። ሙሉነሽ ቀና ብለው አይዋት። ከዚያ ዞረው እጃቸውን ዘረጉና የወዳጃቸውን ዓይን በቀስታ ከደኑ።