የሽመላው አንገት

ሳንቲም ሰብሳቢው ሴቬሪን ሳንቲሙን በጠርዙ ይዞ መብራቱ ስር አዘነበለው። ያድቪጋ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣ ፊቱን ፊቱን ታየዋለች። የፖላንዷ ከተማ የሉብሊን ሳንቲም ሰብሳቢዎች እሁድ እሁድ ወደሚገናኙበት የትምህርት ቤት አዳራሽ ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነው። ይዛ የመጣችው የሳንቲም ሳጥን የባሏ የሉቦሚር ነበር። ከሞተ ወር ሆኖታል። ወንድሟ በሚዛን አስመዝነሽ ሽጪው፣ ሰውየው ዕድሜውን በመጫወቻ ነው የጨረሰው ብሏታል። እሷም የመጣችው ይህ እውነት መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ነበር።

ሴቬሪን አልቸኮለም። ሳንቲሞቹ ለገበያ ሳይሆን ለሰብሳቢ ተብለው የተመቱ፣ ገጻቸው መስታወት የሚመስል የብር ሳንቲሞች ናቸው፤ በጨርቅ አንዴ ከተወለወሉ ጭረቱ ዋጋቸውን ይጥለዋል። እያንዳንዱን አገላብጦ አየ። ብዙዎቹ በገፍ የተመቱ ስለሆኑ ከብራቸው ዋጋ እንደማያልፉ አልደበቃትም። ጥቂቶቹ ግን ከተገዙበት አራት እጥፍ ያወጣሉ።

«ባልሽ ዓይን ነበረው» አለ። «እኔ ሰው የሚሻማበትን ስገዛ እሱ ማንም ዞር ብሎ ያላየውን ይገዛል። ቤታችሁ መጥቼ ልይ ስል ደግሞ፣ ሽንኩርት በልተሃል፣ እንዳትተነፍስበት ይለኝ ነበር።»

ያድቪጋ ከቀብሩ ወዲህ ገና አሁን ሳቀች።

የመጨረሻው ሳንቲም ሽመላ የተቀረጸበት ነው። ሴቬሪን ደጋግሞ አዘነበለው።

«አንገቱ ጋ የጣት አሻራ አለ። ሉቦሚር እኮ ያለ ጓንት አይነካም። ማን ነካው?»

«ራሱ ነው።»

ባለፈው ክረምት፣ ዓይኑ ከደከመ በኋላ፣ ሳንቲሙን ከመያዣው አውጥቶ የወፉን አንገት በአውራ ጣቱ ሲዳብስ አይታዋለች። ምን እያደረግህ ነው ስትለው፣ እያየሁት ነው ብሎ መለሰላት።

ሴቬሪን መነጽሩን አወለቀ። «ንጹሕ ቢሆን ሁለት ሺህ ዝሎቲ ያወጣ ነበር» አለ። «እንዲህ ሆኖ ግማሹን። ሳልፈትገው ማጽጃ ፈሳሽ ውስጥ ብነክረው አሻራው ይለቅ ይሆናል። ግን ዛሬውኑ ነው፤ ከዚህ በላይ ከቆየ ብሩን ይበላዋል።»

ያድቪጋ እጇን ዘረጋች። ሳንቲሙን ባሏ ያደርግ እንደነበረው በጠርዙ ተቀብላ መያዣው ውስጥ መለሰችው፤ ክዳኑንም ገጠመችው።

«የሌሎቹን ዋጋ ለወንድሜ ጻፍልኝ» አለች። «ይህን አትጻፈው።»