ከማርከሩ ስር

«ጣትዎን ያንሱልኝ አባቴ፣ ገና አልደረቀም» አለች የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ፤ ማርከሯን አራግፋ ወደሚቀጥለው መስመር እያለፈች።

የመኪና ቀለም ቀቢው ጣቱን አነሳ። ሃምሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው ሰው፣ በመስኮቱ ቀዳዳ አንገቱን አስግጎ የገዛ ልጅነቱ ጥቁር ሲቀባ ቆሞ ያያል። ለዚህ ፋይል ስድስት ወር ተመላልሷል። አንድ ቀን ቁልፍ ያዡ ፈቃድ ወጥቷል አሉት። ሌላ ቀን ማመልከቻው ማኅተም ጎደለው። አንዱ ደግሞ «ያደጉበት የሕፃናት ማሳደጊያ ራሱ ፈርሷል እኮ፣ ወረቀቱ ምን ያደርግልዎታል?» ብሎ ሳቀበት። ማሳደጊያው ይፍረስ፤ እህቱ አልፈረሰችም። በአምስት ዓመቷ አንድ ቤተሰብ መጥቶ ይዟት ሲሄድ፣ እሱ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ የበሩን ብረት ጨብጦ ቀረ። የት እንደገባች የሚያውቀው ይህ ፋይል ብቻ ነው።

«ምኑን ነው የምትሸፍኚው ልጄ?»

«የሌላ ሰው ስም፣ ፊርማና አድራሻ ይሸፈናል። ደንብ ነው። የግል ምስጢር ነው።»

«እህቴ እኮ ናት!»

«በወረቀት ሌላ ሰው ናት።»

«እሺ የኔስ? ‹አልጋው ላይ ይሸናል› የሚለው ተገልጦ የሚቀር ነው?»

ሴትየዋ ሳቋን ለመዋጥ ከንፈሯን ነከሰች። «እሱማ የእርስዎ ነው። የራስዎን የማወቅ መብት አለዎት።»

ከኋላዋ፣ ሙቀጫ የሚያህል ፋይል የታቀፈ ባልደረባዋ ቀና አለ። «ያ ዳቦ ትራስ ስር የሚደብቀው ልጅ እርስዎ ነዎት? ስናነበው እንዴት እንደሳቅን!»

ቀለም ቀቢው ወረቀቶቹን ለመቀበል እጁን በቀዳዳው አስገባ።

«ኮፒ ነበር የሚሰጥዎት» አለች ሴትየዋ ሁለቱን ወረቀቶች ወደ እሱ እየገፋች፣ «ማሽኑ ከተበላሸ ቆየ። ዋናውን ይውሰዱት፣ ከእርስዎ ሌላ ማን ይፈልገዋል?»

ጋራዡ ሲደርስ የሥራ ባልደረባው፣ ላሜራ ቀጥቃጩ፣ የተጨረማመተ በር ላይ ተደፍቶ ይቀጠቅጣል። ሃያ ዓመት አንድ ጣሪያ ስር ሠርተዋል፤ አንዱ ያቃናውን ሌላው ይቀባዋል። ቀጥቃጩ መዶሻውን ጥሎ መጣና በትከሻው በኩል አነበበ።

የመጀመሪያው ወረቀት ስለ እሱ ነው። አልጋው፣ ዳቦው፣ መንተባተቡ አንድም ሳይቀር። ከታች እንዲህ ይላል፦ «አእምሮው ዘገምተኛ ነው። ትምህርት ስለማይገባው ከአምስተኛ ክፍል ወጥቶ ሙያ ቢለምድ ይሻላል።» ፊርማው በማርከር ጠቁሯል። ከክፍል ያስወጣው የማሳደጊያው ዳይሬክተር ነው እያለ ዕድሜውን ሙሉ ሲረግም ኖሯል፤ ሰውዬውን መንገድ ላይ ካየ ወደ ማዶ ይሻገር ነበር።

ሁለተኛው ወረቀት እህቱ በሃያ ሰባት ዓመቷ ራሷ ቢሮው ድረስ መጥታ የጻፈችው ነው። ስሟና አድራሻዋ ጠቁሯል፤ ቃሏ ግን እንዳለ አለ። «ወንድሜ ቢጠይቅ የት እንዳለሁ እንዳይነገረው። ማሳደጊያ ማደጌን ባሌም ልጆቼም አያውቁም።»

«ይሄማ ማርከር ነው!» አለ ቀጥቃጩ። «ልጆች መኪና ላይ የሞነጫጨሩትን በስንት ደቂቃ ነው የምታነሳው? ቲነር አለህ፣ ጥጥ አለህ። ምን ቆርጦህ ትቆማለህ?»

«ከስሩ ያለው አብሮ ቢነሳስ?»

«በራስህ ወረቀት ሞክረው።»

ሞከረው። ጥጡን በቲነር ነክሮ የገዛ ወረቀቱ ግርጌ ላይ ቀስ አድርጎ አሻሸ። ጥቁሩ ጥጡ ላይ ወጣ። ከስሩ ያለው የድሮ የብዕር ቀለም ውሃ እንጂ ቲነር አይነካውምና ንክች ሳይል ብቅ አለ። ጭራው ወደ ላይ የተቆለመመ ፊርማ ነው። ልጅ ሳለ ልብስ የሚረከቡበት መዝገብ ላይ በየሳምንቱ ያየው ነበርና ወዲያው አወቀው።

እማማ።

ሌሎቹ ልጆች ሳይነቁ ተነስታ አንሶላውን የምታጥብለት ሞግዚት። ስትሞት የአስከሬን ሳጥኗን ከፊት ሆኖ የተሸከመላት፣ እንደ ልጅ ያለቀሰላት እማማ።

«ማን ነው?» አለ ቀጥቃጩ።

«የማላውቀው ሰው ነው።»

«ተወው በለው! ዋናው እሱ አይደለም። በል የእሷን፣ ጥጡ ሳይደርቅ!»

ጥጡን በአዲስ ቀየረ። ነከረው። ከእህቱ ወረቀት በላይ ይዞት ቆመ፤ አንዲት ጠብታ ጠረጴዛው ላይ ወድቃ ተነነች። ከዚህ በኋላስ? የቤቷን በር ሊያንኳኳ ነው? ባሏ ሲከፍት በዚህ ቀለም በጠጣ እጁ «እኔ ወንድሟ ነኝ» ሊል? እሷም ያደገችበትን ስትደብቅ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ሳይነቃ እየተነሳች የራሷን አንሶላ እንደምታጥብ ሆና ኖራለች። የእሱን ሲያነቡ የሳቁትን የመዝገብ ቤት ሰዎች አሰበ።

ጥጡን ቆርቆሮው ውስጥ ጣለው።

«ቫርኒሹን አቀብለኝ። ማድረቂያውንም።»

«ምን ልታደርግበት?»

«አቀብለኝ ብያለሁ።»

ቀጥቃጩ እያመነታ አቀበለው። ቀለም ቀቢው ሁለቱን በልኩ በጥብጦ መርጫው ውስጥ ሲሞላ፣ ሰውዬው ነገሩ ገባውና ክንዱን ያዘው። «አብደሃል? ይሄ ከደረቀ እንኳን ቲነር እሳትም አይደፍረውም! ስድስት ወር የተንከራተትክለት ሰው!»

«ሠላሳ ዓመት የሠራሁት ምን መሰለህ? አውቀዋለሁ።»

ክንዱን አስለቀቀ። የእህቱን ወረቀት የመኪና መስተዋት በሚሸፍንበት ወረቀት ላይ ዘርግቶ አራቱን ጥግ በፕላስተር ለጠፈ። መርጫውን አንስቶ ሊጀምር ሲል መለስ አለና፣ ከፕላስተሩ የጣት ጥፍር የምታህል ቀደደ። የእህቱ እጅ ‹ወንድሜ› ብሎ የጻፈባትን ቦታ ብቻ፣ ቫርኒሹ እንዳይነካት፣ በጥንቃቄ ሸፈናት።

ከዚያ ጥቁሩ ላይ ረጨ። እስኪደርቅ ጠብቆ ደገመው።