የአባዬ ቁጥሮች

ስትሮኩ የፋርማሲስቷን አባት ቃላት ጠራርጎ ሲወስድ ቁጥር ብቻ ተወለት። ሐኪሙ እንዲህ ያለ ነገር እንደሚያጋጥም ነግሯቸዋል፤ ሰው ንግግር ጠፍቶበትም መቁጠር ሊቀርለት ይችላል ብሎ። አርባ ዓመት ሙሉ መድኃኒት ሲቀምም የኖረ፣ ከደንበኛ ጋር ሲያወጋ ሻዩ የሚቀዘቅዝበት ሰው፣ ይኸው ስምንት ወር አልጋው ላይ ተኝቶ "አሥራ ሰባት" ይላል። "ሠላሳ አንድ" ይላል። ከዚያ የሰማው ሰው ምን እንደሚያደርግ ይጠብቃል፤ የጠበቀው ሲቀርበት ዓይኑን ይጨፍናል።

ቤተሰብ ደግሞ ፍቺ አያጣም። እናቷ ሠላሳ አንድ ሲጋቡ የነበረው ዕድሜው ነው ብላ ቁርጥ አድርጋለች፤ እሱን በሰማች ቁጥር መጋረጃውን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ በደህና ቀን የተነሱትን የሠርግ ፎቶ ታሳየዋለች። አሥራ ሰባት ሲል ወጣትነቱ ትዝ ብሎት ነው ትላለች፤ ሆድ ባሰው ብላም አንድ ብርድ ልብስ ትደርብለታለች። አሥራ ሁለት ግን ማንንም አላከራከረም። የፋርማሲስቷ ልጅ ሚጣ ዘንድሮ አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቷታል፤ አያቷም ይህን ቁጥር የሚለው እሷ በሩ ላይ ብቅ ስትል ነው። "ዕድሜዋን እንኳ አልረሳም እኮ!" እያሉ ልጅቷን ገፋ ገፋ አድርገው ያቀርቡለታል። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ሚጣ ኩሽና ገብታ ታለቅሳለች። የፋርማሲስቷ እናት ግን ፊቱን የሚያዞረው ደስታ በዝቶበት ነው ትላለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ መንገዱ ራሱ እንቅልፍ የወሰደው በሚመስልበት በዚያ ትኩስ ሰዓት፣ አንድ ጡረተኛ ልብስ ሰፊ ባዶ የቅባት ዕቃ ይዘው ፋርማሲው ገቡ። "አባትሽ ይሠሩልኝ የነበረው ቅባት ነው" አሉና ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት። የጣሪያው ማራገቢያ ቀስ ብሎ ይዞራል። ፋርማሲስቷ ዕቃውን በእጇ አዞረችው። የተለጠፈበት የአባቷ ሌብል ነው። "ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡ" ይላል፤ ከሥሩ ጥግ ላይ ጉንዳን የምታህል ቁጥር አለች፤ 17።

ይህችን ቁጥር ከልጅነቷ ጀምሮ አይታታለች፤ ዓይን የለመደውን አያይም እንጂ። የድሮው የሌብል ፕሪንተር የእኛን ፊደል አያውቅም ነበር። ስለዚህ አባቷ እያንዳንዱን ማሳሰቢያ እንደ ሥዕል ነጥብ በነጥብ ስሎ ፕሪንተሩ ሆድ ውስጥ አስቀመጠው፤ ለእያንዳንዱም ቁጥር ሰጠው። ሲያትምም ቁጥሩን ለራሱ እያንሾካሾከ ነው። ዝርዝሩን ወረቀት ላይ አላሰፈረውም፤ ሌላ ሰው እንዲነካበትም አይፈልግም።

ዕቃውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ያን ሁሉ ሙቀት፣ ያን ሁሉ ሰሞን፣ አሥራ ሰባት ባለ ቁጥር ብርድ ልብስ ይደረብበት ነበር።

"ወይኔ አባዬ" አለች።

"ቅባቱ አለቀ እንዴ?" አሉ ልብስ ሰፊው ደንግጠው።

የቀሩት ማሳሰቢያዎች ያሉት ፕሪንተሩ ውስጥ ነው። ፕሪንተሩ ደግሞ ከጓዳ መደርደሪያ ላይ፣ ለመንቀል ያሰበ ሰው ስለጠፋ ብቻ፣ ስምንት ወር ሙሉ አረንጓዴ መብራቱን እንዳበራ ተቀምጧል። የሚያዘው የድሮ ኮምፒውተር ተቃጥሎ ተጥሏል። አዲሱ ኮምፒውተር እንዲህ ያለ ባለ ዘጠኝ እግር መሰኪያ አያውቅም። ፋርማሲስቷ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኙን ጠራች፤ ለተጠየቀው ሁሉ መጀመሪያ "ቆይ" ስለሚል ሰፈሩ ጋሽ ቆይ የሚለውን።

እሁድ ቀን መጣ። ፋርማሲው ተዘግቷል፤ በመስኮቱ ፍርግርግ የገባው ብርሃን የመድኃኒት ጠርሙሶቹን አቋርጦ ወለሉ ላይ ቡናማና አረንጓዴ ሆኖ ተኝቷል። ለመብራት መጥፋት ተብሎ የተገዛው መጠባበቂያ ባትሪ ከባንኮኒው ሥር ሲጥ፣ ሲጥ ይላል።

"ነቅለን ወደ ብርሃን እናውጣው?" አለች።

"ቆይ! እንዳትነኪያት። በዚህ ዕድሜዋ የራሷ ባትሪ የለም። ማስታወሻዋን ይዞ ያቆየላት መብራቱ ነው። ከተነቀለች የያዘችው ሁሉ ይጠፋል።"

"መብራት ቢጠፋስ?"

ጋሽ ቆይ ሲጥ የሚለውን ባትሪ አየና "ይሄም ሽማግሌ ነው" አለ። "እንፍጠን።"

ጋሽ ቆይ እንፍጠን ሲል ሰምታ አታውቅም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንዳትጥል ፈራች፤ ከአባቷ አንደበት የተረፈው ሁሉ እዚህች ሳጥን ውስጥ ነው።

ጋሽ ቆይ ባለ ዘጠኝ እግሩን ሲሪያል ገመድ በመቀየሪያ አድርጎ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካው። አሥራ ሰባትን ጻፈችና ላከች። ምንም የለም። ድጋሚ ላከች። ምንም።

"ቆይ። ሁለቱም የሚናገሩት በአንዱ ሽቦ፣ የሚሰሙትም በአንዱ ሽቦ ነው። ሁሉም ከተናገረ ማን ይሰማል? የዚህኛውን መናገሪያ ከዚያችኛዋ መስሚያ ጋር ማገናኘት ነው" አለና መሰኪያውን ፈቶ ሁለቱን ሽቦዎች አቀያይሮ በየዳቸው። የብየዳው ጭስ በብርሃኑ ውስጥ ተንሳፈፈ። በሕልሟ የምታየው ይመስል በዓይኗ ትከተለዋለች።

ቀጥሎ ፕሪንተሩ አጉረመረመና ወረቀት ተፋ። ግን ጭረት፣ ጥያቄ ምልክት፣ ትርጉም የሌለው ቅራቅንቦ ነው። ወረቀቱን ቀድዳ አነሳችው።

"ተበላሸ?"

"ቆይ። እየሰማች ነው፣ አልደረሰችበትም እንጂ። እሱ ይሮጣል፣ እሷ ታዘግማለች። እንደ እሷ እርምጃ እንዲናገር ማድረግ ነው።" ፍጥነቱን በየተራ እየቀያየረ ሞከረ። ጭረት ወጣ፤ ሌላ ጭረት ወጣ። ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ ላይ ሲደርስ ፕሪንተሩ ድምፁን ለወጠ፤ የጠገበ ድመት ዓይነት ድምፅ ሆነ። ወረቀቱ ቀስ እያለ ወጣ።

ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡ።

ሌብሉ ትኩስ ነበር። ጉንጯ ላይ ለጠፍ አድርጋ ያዘችው። ከዚያ ሠላሳ አንድን ላከች፤ "ከፀሐይ ብርሃን ይከልሉ" ብሎ ወጣ። ወለል ያለው መጋረጃ፣ ዓይኑ ላይ የምታርፈው ፀሐይና የሠርጉ ፎቶ በአንድነት ትዝ አሏትና እንባዋ እየወረደ ሳቀች። ጋሽ ቆይ ምን እንደሆነ ባያውቅም አብሮ ሳቀ።

አሥራ ሁለትን ላከች።

ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡ።

ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ። ሚጣን ገፋ ገፋ ሲያደርጓት ታያት፤ በየቀኑ፣ ስምንት ወር ሙሉ። ጋሽ ቆይ ፊቷን አየ። "የቀሩትንም አውጪያቸው" አለ ቀስ ብሎ፤ "ባትሪው ሳይቀድመን።" ከአንድ እስከ አርባ በተራ ላከች። ረጅሙ የሌብል ጥቅል እግሯ ሥር ተከመረ።

ቤት ስትገባ መጀመሪያ ብርድ ልብሶቹን አነሳች። ቀጥላ መጋረጃውን ዘጋች። አባቷ ከትራሱ ላይ ራሱን ቀና አድርጎ አያት፤ ስምንት ወር እንዲህ አላያትም ነበር። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ጤነኛ እጁን ያዘች።

"አባዬ፣ አሥራ ሁለትንም አገኘሁት።"

ዓይኑን ጨፈነ።

"እንዲህ ሆነህ ሚጣ እንዳታይህ ነው፣ አይደል? አፍህ ስለተጣመመ። እኛ ደግሞ አምጥተን እላይህ ላይ እንጥልብህ ነበር። ይቅር በለኝ።" እጁን ጠበቅ አደረገች። "ግን የምታለቅሰው አንተን ፈርታ አይደለም። ፊትህን ስታዞርባት ነው። አያቴ ጠላኝ ነው የምትለኝ። ይሄኛውን ማሳሰቢያ አልፈጽመውም አባዬ።"

ሌብል ሳያነብ መድኃኒት ከወሰደ ደንበኛ ጋር ስንት ዘመን ሲጣላ የኖረ ሰው ነው። ይቆጣል ብላ ጠበቀች። ከመጋረጃው ወዲያ የሰፈሩ ድምፅ እንደ ሩቅ ውኃ ይሰማል። አባቷ የተጣመመ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፣ ተወው፣ ደግሞ አንቀሳቀሰ።

"ስድስት" አለ።

ጥቅሉን ጭኗ ላይ ዘረጋችና በጣቷ ቆጠረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ፊደሎቹ በእንባዋ ተደበላለቁባት፤ ጠርጋ አነበበችው።

በትንሽ መጠን ይጀምሩ።

ተነስታ ወደ ኮሪደሩ ወጣችና ልጇን ጠራች። "ነይ የኔ እናት፣ እዚህ በሩ ላይ ተቀመጪ። ወደ ውስጥ አትግቢ፤ ለዛሬ ከዚያ ሆነሽ ሰሞኑን ትምህርት ቤት ያጋጠመሽን ንገሪው" አለቻት። ሚጣ ደፉ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን አቀፈች፤ ከየት እንደምትጀምር አሰበችና ማውራት ጀመረች።