የዓይን ጥበቃው ዋበሪ

በዘጠና ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው። ከሀርሺን ወጣ ብላ ወዳለች አንዲት ቀበሌ፣ «የዓይን ጥበቃ በአስቸኳይ እንዲጠናከር» የሚል የአማርኛ ደብዳቤ መጣ። ሊቀመንበሩ ቢሌ አማርኛ የለመደው ጅግጅጋ በየቢሮው ደጅ ሲመላለስ ነው። በቢሮ ደጅ ደግሞ ጥበቃ ማለት በር ላይ ቆሞ መታወቂያ የሚጠይቅ ሰው ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም።

«አጠናክሩ የሚሉን ጭራሽ የሌለንን ነው» ብሎ ተጨነቀና በማግስቱ ሽማግሌውን ዋበሪን በዓይን ጥበቃነት ቀጠረው።

«ከማን ነው የምጠብቀው?» አለ ዋበሪ።

«ጠላቶቹ ሁለተኛው ገጽ ላይ አሉ» አለና ቢሌ አነበበለት፦ ዝንብ፣ ዓይናር፣ ያልታጠበ ፊት፣ በአንድ ጨርቅ የብዙ ሰው ፊት መጥረግ።

ዋበሪ የድሮ ወታደር ነው፤ ጠላቱ ከታወቀለት ሌላ ጥያቄ የለውም። የዝናብ ውሃ በሚጠራቀምበት በቢርካው መግቢያ ላይ ገመድ ወጥሮ ኬላ አቆመ። ፊቱን ሳይታጠብ የሚያልፍ የለም። ማታ ማታ ለቢሌ ሪፖርት ያደርጋል፦ «ዛሬ አንድም ዝንብ በሕጋዊ መንገድ አላለፈም።»

አንድ ቀን ወተት ሻጯ ሳህራ ልጇን አዝላ መጣች።

«አደር ዋበሪ» አለችው፤ በሶማሊኛ አጎቴ ማለቷ ነው። «ውሃ ልቀዳ መጥቼ ውሃ አምጪ ትለኛለህ?»

«አንድ የሻይ ብርጭቆ ይበቃል። ግመልሽ ስትጠጣ በብርጭቆ ለክተሽላት ታውቂያለሽ?»

«ግመሌማ ወተት ትሰጠኛለች። ፊቴ ምን ይሰጠኛል?»

«የልጅሽን ዓይን በሻሽሽ ጠረግሽ፤ በዚያው ሻሽ የራስሽን ጠረግሽ። አይቼሻለሁ። ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው ዕቃ ማሻገር ኮንትሮባንድ ነው።»

ሳህራ እየሳቀች ሻሿን አስፈተሸች፤ ልጇንም አጠበች።

እንዲህ ነበር ሥራው፣ ልጆቼ። ግን ዋበሪ አንድ የደበቀው ነገር ነበረው። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ እየታጠፈ፣ ዓይኑን እንደ አሸዋ ይቆረቁረዋል። በየማለዳው ከግድግዳ ጀርባ ተደብቆ፣ በዳበሳ በወረንጦ ይነቅለዋል። ድሮ የትምህርት ቤት ጥበቃ ሳለ ፍየል ተማሪ መስላው «ለምን አረፈድሽ?» ብሎ ተቆጥቶ አስገብቷት፣ በዚያው ተባሯል። አሁን የዓይን ጥበቃው ዓይን መታመሙ ከተሰማ፣ ከዚህም መባረሩ ነው። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳው ይኸው ነበር።

አንድ ሐሙስ ከጅግጅጋ ጤና ቢሮ ሲስተር እፀገነት ለጉብኝት መጣች። ዋበሪ አቧራዋን አይቶ አስቆማት፤ እሷም ሳትከራከር ታጠበች። የልጆቹን ፊት ስታይ አንድም ዝንብ ያረፈበት የለም።

«አባባ፣ እርስዎ ማን ነዎት?»

«የዓይን ጥበቃ ነኝ።»

ቢሌ ደብዳቤውን አመጣላት። አንብባ የገባት ጊዜ ሳቋን ማቆም አቅቷት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ስትነሳ ግን የዋበሪን ዓይን አየችው። እንባ ያቀረረ፣ የቀላ ነው።

«እስቲ ቀና ይበሉ። ስንት ዓመት ሆነዎት ሲነቅሉት?»

«ምኑን?»

«ሽፋሽፍቱን ነዋ። ብሌንዎን እየቧጠጠው ነው። ጅግጅጋ ሄደው የዓይን ቆብዎ በቀዶ ሕክምና ካልተስተካከለ፣ ይታወራሉ።»

ዋበሪ ገመዱን በሁለት እጁ ያዘ። «ከሄድኩ ሥራዬን ሌላ ይይዘዋል።»

«አባባ፣ ደብዳቤው እኮ ሰው ቅጠሩ አላለም። ዓይናችሁን ከበሽታ ጠብቁ ነው ያለው። የዓይን ጥበቃ የሚባል ሥራ በአገሩ የለም።»

ቢሌ አንገቱን ደፋ። ቆይቶ ግን ፊቱ በራ።

«ስማኝ ዋበሪ፣ የሌለ ሥራ ላይ ነዋ ያለኸው። ከሌለ ሥራ ማን ያባርርሃል? በሌለ ቦታስ ላይ ማን ይተካብሃል?»

ዋበሪ ነገሩን አገላብጦ አሰበው። በዕድሜው እንዲህ አስተማማኝ ሥራ ይዞ አያውቅም። በማግስቱ በማለዳ አይሱዙ ላይ ተሳፍሮ ጅግጅጋ ገባ።

የሕክምናው አልጋ ላይ ጋደም እንዳለ፣ ሐኪሙ ጭምብሉን አጥልቆ ጎንበስ አለበት። ዋበሪ እጁን አንስቶ አስቆመው።

«ዶክተር፣ ፊትህን ታጥበሃል?»

«ጠዋት ታጥቤያለሁ፣ አባቴ።»

«አሁን እኮ ዘጠኝ ሰዓት ነው።»

ነርሷ ሳቋን አፈነች። ሐኪሙ ጥቂት አመነታና ወጣ፤ የቧንቧው ድምፅ ተሰማ። በአዲስ ጭምብል፣ ግንባሩ እንደረጠበ ተመለሰ።

ዋበሪ በተሻለችው ዓይኑ መረመረው።

«እለፍ» አለና አገጩን ቀና አደረገለት።