«ጎሬ» አላልኩም

ረቡዕ፣ ጥር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ኡራኤል አጠገብ ባለ ጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ ማይክሮፎን ፊት ቆሜ አንድ ቃል አላነብም አልኩ።

በልማት ስለፈረሰችው ስለ ቀድሞዋ ካዛንቺስ የተዘጋጀ ዘጋቢ ፊልም ተራኪ ነበርኩ። ከመስታወቱ ማዶ ባለው ስክሪን ላይ የቆመው ሰማያዊ በር የእትዬ ጀሚላ ነው። እናቴ ከሥራ እስክትገባ ድረስ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ያጠናሁት እዚያ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ነው። ከምስሉ ጋር እንዳነበው የተሰጠኝ ጽሑፍ ግን «ይህ የድህነት ጎሬ ዛሬ ታሪክ ሆኗል» ይላል።

«ምን ችግር አለው?» አለኝ የስቱዲዮው ባለቤት ኢያቄም፣ ማዳመጫውን ወደ አንገቱ አውርዶ። «ጎሬ ማለት በቃ መኖሪያ ነው። ደግሞ አማርኛው ያምራል።»

«የጃርት መኖሪያ ነው። የአይጥ፣ የከርከሮ፣ የጅብ።»

«ለሰውም ይባላል እኮ፣ ሲምረት።»

«ለየትኛው ሰው? የሌባ ጎሬ፣ የሽፍታ ጎሬ፣ የወንበዴ ጎሬ! የመምህር ጎሬ ሲባል ሰምተህ ታውቃለህ? ያንተን አፓርታማ ጎሬ ብዬ ልጥራው?»

«ስፋቱን ብታዪው ጎሬ ነው እኮ!» ብሎ ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። የሰውን ቤት ለማፍረስ ምክንያት መስጠት፣ ባለቤቱን ማናገር፣ ቢያንስ ዓይኑን ማየት ያስፈልጋል። ጎሬ ለመድፈን ግን ማንም ማንንም አያስፈቅድም። ቃሉ ለጽሑፉ የተመረጠው ስለሚያምር አይደለም፤ ከማናገር ስለሚገላግል ነው። ይህንኑ ሳላለሳልስ ነገርኩት። እትዬ ጀሚላ ዘወትር ማለዳ ደጃቸውን ውሃ ረጭተው ይጠርጉ እንደነበር፣ ከዚያ በር ሦስት ልጆች ተምረው እንደወጡ ነገርኩት። 

«እሺ በቃ፣ ሜዳሊስቷ፣ አሸነፍሽ!» አለ እጆቹን አንሥቶ፤ ከዩኒቨርሲቲ በሜዳሊያ ስለተመረቅኩ እንዲህ እያለ ይቀልድብኛል። «"ይህ መንደር" በይውና እንሂድ።»

«ይህ መንደር» ብዬ አነበብኩ። ሁለት ጊዜ አስደገመኝ፤ ደገምኩ።

የዚያኑ ዕለት ቤታቸው ሲፈርስ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ለገቡት ለእትዬ ጀሚላ ደወልኩ። «ቅዳሜ ለፊልሙ ምርቃት ይምጡ። በርዎን ያዩታል፤ የምተርከውም እኔ ነኝ።»

«አንቺ ከሆንሽማ በእግሬም ቢሆን እመጣለሁ!» አሉኝ።

ቅዳሜ ከመስቀል አደባባይ ብዙም በማይርቅ አዳራሽ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ። ከወዲያ በኩል ጡረተኛው ሾፌር ጋሽ በለጠ ነበሩ፤ እሳቸውም የድሮ ጎረቤታችን ናቸው። ሰማያዊው በር ብቅ ሲል እትዬ ጀሚላ ክንዴን ጨብጠው «በሬ! ያቺውና በሬ!» አሉ፤ ፊታችን የተቀመጡት ሰዎች ዞረው ፈገግ አሉላቸው።

ያኔ ድምፄ መጣ። ጥርት ያለ፣ የተረጋጋ፣ እስትንፋሴ እንኳ ሳይቀር የእኔው። «ይህ የድህነት ጎሬ ዛሬ ታሪክ ሆኗል።»

አላልኩትም። በሕይወቴ እንዲህ ብዬ አላውቅም።

«በሉ እንግዲህ፣ ከርከሮዎች፣ ጅራታችንን አቁመን እንውጣ» አሉ ጋሽ በለጠ። የሳቀ አልነበረም።

እትዬ ጀሚላ ክንዴን ለቀቁት። «ድምፁ ያንቺ ነው?»

«የእኔ ነው፣ ግን...»

የቀረውን አልጠበቁም። ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ መውጫው ሄዱ። ተከትያቸው ስሮጥ ኢያቄምን ፊልሙን ካሠራው ደንበኛው ጋር በረንዳው ላይ ቆሞ አገኘሁትና በእጅጌው ጎትቼ ገለል አደረግኩት።

«ምንድን ነው ያደረግከው?»

«ቀስ በይ፣ በናትሽ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰውየው ጎሬ ካልተመለሰ አልረከብም አለኝ። ቅጂሽን የሰው ድምፅ ለሚያስመስለው ሶፍትዌር ሰጠሁት፣ ቃሉን በድምፅሽ እሱ አለልኝ። አንዲት ቃል ናት። ደግሞ ማንም አልለየውም፣ ቆንጆ ሆኖ ነው የወጣው።»

ቆንጆ! አላነብም ያልኩትን ቃል ድምፄን ሰርቆ፣ ደጃፋቸው ላይ ላሳደጉኝ ሴት በእኔው አንደበት አሰማቸው፤ ማማሩንም ይነግረኛል። በጥፊ ልመታው እጄ ተነሥቶ ነበር። በምትኩ እጅጌውን አጥብቄ ያዝኩና ደረጃው ላይ ወደቆሙት እትዬ ጀሚላ ወሰድኩት።

«እትዬ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ። ይሄ ነው የሠራው። ከእሱ ይስሙ።»

ቆሙ። ከእኔ ይልቅ እሱን ነበር የሚያዩት። ከኋላችን ደንበኛው «ኢያቄም፣ ችግር አለ እንዴ?» እያለ ተጠጋ።

«ንገራቸው» አልኩት። «እሷ አላለችም በላቸው።»

ኢያቄም ወደ ደንበኛው ዞሮ አየ። ከዚያ ወደ ጫማው።

«ኢያቄም፣ ንገራቸው እንጂ!»